መዳቡ ሲሰማ

የቧንቧ ሠራተኛው ጋሼ ቶርቹን ከመለኮሳቸው በፊት 40 ደቂቃ ሙሉ ሲያዘጋጁ ቆዩ። እሳቱ ለአንድ መገጣጠሚያ አንድ ደቂቃ እንኳ አልነደደም። ከጠፋ በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቤዝመንቱ አልወጡም። ያን ቀን ያየሁትን ሥራ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ሂሳብ ነው። እሳት ይዞ የሚሠራ ሰው ሙያው የሚታየው እሳቱ በሚነድበት ደቂቃ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ከእሳቱ በፊትና ከእሳቱ በኋላ ያለውን ጊዜ በዚያው እጅ፣ በዚያው ትኩረት ሲሠሩበት ካየሁ በኋላ ግን ጥንቃቄውን ከጥበቡ ለይቼ ማየት አልቻልኩም።

ቤቱ የአክስቴ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትወርዝ ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩት አሮጌ የጡብ ቤቶች አንዱ። ከውጭ ሲያዩት ጡብ ነው። ከውስጥ ወለሉም፣ ደረጃውም፣ ወለሉን የተሸከመውም እንጨት ነው፤ ለአሥርት ዓመታት በክረምት ማሞቂያ ሲደርቅ የኖረ እንጨት። በቤዝመንቱ ጣሪያ ሥር የሚያልፈው የመዳብ ቧንቧ አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴ ነቁጥ አወጣ፤ ከነቁጡ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አክስቴ ጋሼን ጠራች። ጋሼ ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ላይ ጥርስ እያወጡ፣ ቃጫ እየጠመጠሙ፣ በቁልፍ እያጠበቁ ነው። መዳብና እሳትን ያወቁት አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግራቸው አጭር፣ እጃቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው። የመጡትም በጠዋት ነው። የእሳት ሥራ ለቀኑ መጨረሻ አይተውም፤ ሠርቶ ወዲያው የሚሄድ ሰው የተወውን አያይም።

ከሣጥናቸው መጀመሪያ ያወጡት ባትሪ ነበር። አብርተው በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ቧንቧው ተሸካሚውን እንጨት በስቶ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱት። ከውስጡ የሸረሪት ድር፣ የቆየ የመጋዝ ብናኝና አንድ የተጨማደደ የጋዜጣ ቁራጭ ወጣ። ጎኑ ላይ ለብርድ መከላከያ የተወተፈው ፋይበርግላስ ፊቱ በቡናማ ወረቀት የተለበጠ ነው። "ፋይበሩ አይነድም፤ ወረቀቱ ግን ክብሪት ነው" አሉና ገፈው አራቁት። ብናኙን በብሩሽ ጠረጉ፤ ድሩን በእርጥብ ጨርቅ አነሱ። ከዚያ የጋዝ ውኃ ማሞቂያው የት እንዳለ፣ የጋዙ መስመር በየት እንደሚያልፍ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ባትሪ ይሠራ እንደሆነ አክስቴን ጠየቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቧንቧ ገና አልተነካችም።

ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ የገባኝ የመዳብን ጠባይ ሲነግሩኝ ነው። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ከብረቶች ሁሉ ከብር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ነበልባሉ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ቢሆንም ሙቀቱ ቧንቧውን ይዞ ይጓዛል፤ ከሠራተኛው ዓይን ውጭ፣ መዳቡ ከእንጨቱ ጋር በሚነካካበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ የደረሰ እሳት ወዲያው ብልጭ አይልም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ያሳድሩታል፤ ጠዋት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ይነሳል። በግድግዳ ውስጥ ያለ ደረቅ እንጨትና ብናኝም እንዲሁ ነው። ሳይታይ እየከሰለ ይቆያል፤ አየር ያገኘ ለት ይነሳል። ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ፣ ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ዌስት ሰሴክስ ውስጥ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ አፓርክ የሚባል ታላቅ መኖሪያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1989 በጣሪያው ላይ የእርሳስ ንጣፍ ሲጠግኑ ከነበሩ ሠራተኞች ነበልባል እሳት ተነሳ። ጥገናው ሊጠናቀቅ የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ጣሪያውና የላይኛው ፎቅ ወደሙ። በውስጡ የነበረው ሥዕልና የቤት ዕቃ አብዛኛው የተረፈው ሰዎች ተሸክመው ስላወጡት ነው። ባለቤቱ ናሽናል ትረስት ቤቱን መልሶ ለማሠራት ዓመታት ፈጀበት፤ ለጎብኚ የተከፈተው በ1995 ነው። ከእርሳሱ ሥር እንጨት ነበረ፤ ነበልባል ከሚታየው ብረት ጀርባ ያለውን የማይታየውን እንጨት አገኘው። ጋሼ በባትሪ የሚፈልጉት ይህንን ጀርባ ነው።

መሣሪያው ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሪቻርድ ኒበርግ እ.ኤ.አ. በ1882 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የነበልባል መብራት ማምረት ጀመረ። የመብራቱ ብልሃት ነዳጁን በራሱ ነበልባል ማሞቅ ነው። የሞቀው ነዳጅ ይተንናል፤ እንፋሎቱ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ አየር ይስባል፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት ያንኑ ብልሃት ወደ ማድ ቤት አስገብቶ ፕሪሙስ የተባለውን ምድጃ ሠራ። በአገራችን ብዙ ቤት በፓምፕ እየተነፋ ይነድ የነበረው የላምባ ምድጃ የዚህ ዘር ነው፤ ድምፁን የሚያስታውስ ሰው የቶርችን ድምፅ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። የዛሬው ቶርች ግን መንፋትም ቀድሞ ማሞቅም አይጠይቅም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለሆነ ቫልቩ ሲከፈት ራሱ ተንኖ ይወጣል። ቀላል መሆኑ ግን ሰውን ያዘናጋል። የድሮው መብራት ለመለኮስ ጊዜ ይፈልግ ስለነበር ለማሰብም ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ የአሁኑ ጣት ሲጫነው ይነሳል። ጋሼ ያንን የጠፋ ጊዜ ራሳቸው መልሰው ያስገቡታል።

ቀጥለው ያደረጉት ሙያቸውን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ ነገር ነው። የተበላሸውን ቧንቧ ለክተው ቆርጠው አወጡ። አዲሱ ክፍል ሁለት የመታጠፊያ ኤልቦ፣ አንድ መዝጊያ ቫልቭና በሁለቱ ጫፍ ሁለት ማያያዣ ይኖረዋል፤ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ ብንቆጥር 10 ነው። እኔ የጠበቅሁት መሰላል ላይ ወጥተው፣ ከእንጨቶቹ መካከል አሥር ጊዜ እሳት እያበሩ እንደሚሠሩ ነበር። እሳቸው ግን ቧንቧዎቹን በልኩ ቆርጠው፣ ቦታው ላይ ደረቁን ገጥመው፣ የኤልቦው ፊት ወዴት እንደሚዞር በእርሳስ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ሁሉንም አውርደው በሲሚንቶው ወለል መካከል፣ ከእንጨት ርቀው ዘረጉት። ከአሥሩ መገጣጠሚያ ስምንቱ እዚያ ተበየዱ። ዘጠነኛው ቦታው ላይ ተበየደ። አሥረኛው ከጋዙ መስመርና ከተሸካሚው እንጨት መካከል የሚወድቅ ስለነበረ ጋሼ አይተውት "እዚህ እሳት አይገባም" አሉ። ለእሱ በባትሪ በሚሠራ መጭመቂያ የሚጠብቅ፣ ውስጡ የጎማ ቀለበት ያለው ማያያዣ ይዘው መጥተው ነበር። ሠላሳ ዓመት በእሳት የሠራ ሰው እሳት የማይገባበትን ቦታ አውቆ ሲተው ማየት ራሱ ትምህርት ነው። የጎማው ቀለበት የሚጠብቀውም ከሁሉ በኋላ፣ ዘጠነኛው ተበይዶ ከበረደ ወዲያ ነው፤ አለዚያ መዳቡ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ጎማውን ያበላሸዋል።

ቫልቩ ላይም ተመሳሳይ ስሌት አለ። ውስጡ ውኃውን የምትዘጋውን ኳስ የሚያቅፍ ስስ የፕላስቲክ ቀለበት አለው። ጋሼ ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ነበልባሉን ወደ ጫፉ እንጂ ወደ ሆዱ ሳያዞሩ በየዱት። ጨርቁ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት አወጣ።

የመዳቡን ማዘጋጀት ከቅርብ ነው ያየሁት። ቧንቧው ግማሽ ኢንች ይባል እንጂ የውጭ ስፋቱ 15.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቧንቧው የሚገባበት የፊቲንጉ አፍ ከዚያ በጥቂቱ ይሰፋል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ክፍተት ላይ ነው፤ የቀለጠው የብየዳ ብረት ወደ ውስጥ የሚገባው ስለሚፈስ ሳይሆን ክፍተቷ ስለምትስበው ነው። ጨርቅ ጫፉ ውኃ ሲነካ ውኃው ወደ ላይ እንደሚወጣበት ያለ መሳብ ነው። ለዚህ ግን መዳቡ ንጹህ መሆን አለበት። ጋሼ መቁረጫውን በአንድ ዙር በጥቂቱ ብቻ እያጠበቁ አዞሩት፤ ቢቸኩሉ ቧንቧው ክብነቱን ያጣል። ወደ ውስጥ የታጠፈውን የጠርዙን ስለት ፋቁ፤ ያ ስለት ቢቀር ውኃው እየተሽከረከረ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ የቧንቧውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት፣ የፊቲንጉን አፍ በክብ የሽቦ ብሩሽ አሹት፤ ቡናማው መዳብ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀላ። ልይ ብዬ እጄን ስዘረጋ "አትንካው ልጄ" አሉኝ። የጣት ቅባት እንኳ ብረቱ እንዳይይዝ ያደርገዋል።

ፍላክስ የሚባለውን ቅባት በትንሽ ብሩሽ እንደ ስስ ቅቤ ቀቡት። አበዙት አይባልም፤ የሚያበራ ስስ ሽፋን ያህል ብቻ ነው። ፍላክሱ መዳቡ ሲሞቅ እንዳይጠቁር ይጠብቀዋል፤ ከበዛ ግን ወደ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበሳዋል። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከተው ሩብ ዙር አዞሩት፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠረጉ።

ከዚያ የብየዳውን ሽቦ ጥቅልል አወጡ። በአገራችን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች ይህንን ሊድ ይሉታል። ሊድ እርሳስ ነው፤ ስሙ የቀረው ሽቦው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ከነበረበት ጊዜ ነው። ቧንቧና እርሳስ ትውውቃቸው ጥንታዊ ነው። የሙያው የእንግሊዝኛ መጠሪያ የመጣው እርሳስ ማለት ከሆነው ፕሉምቡም ከተባለ የላቲን ቃል ነው። እርሳስ ግን የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ለመጠጥ ውኃ ቧንቧ በእርሳስ መበየድ ተከለከለ። የጋሼ ሽቦ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። የድሮው ቅልቅል 190 ዲግሪ ሳይደርስ መቅለጥ ይጀምር ነበር፤ ያለ እርሳስ የሚሠራው ከ220 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱ ለጠጪው ጤና ነው፤ ለሠራተኛው ግን ተጨማሪ እሳት ነው፤ ተጨማሪ እሳትም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለዘጠነኛው መገጣጠሚያ መሰላሉን ሲያቆሙ መጀመሪያ ስለ ውኃ አሰቡ። ዋናው መዝጊያ ተዘግቷል፤ ከላይ ያለው ቧንቧ ተከፍቷል፤ መስመሩ ተንጠፍጥፏል። ሆኖም አሮጌው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አልያዘም፤ በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት ጠብታ ትመጣለች። እሷ ብቻዋን ሥራውን ታበላሻለች። ውኃ ያለበት መዳብ ከ100 ዲግሪ ብዙም ከፍ አይልም፤ ሙቀቱን ሁሉ ውኃው እየፈላ ይጨርሰዋል። የማያውቅ ሠራተኛ ይህን ሲያይ እሳቱን ያበዛል፤ ያን ጊዜ ቧንቧው ሳይሞቅ እንጨቱ ይሞቃል። መውጫ ካጣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ከሆነ የቀለጠውን ብረት ገፍቶ ወደ ሰው ፊት ይተፋዋል። ጋሼ አክስቴን "ነጭ ዳቦ አለ?" አሏት። ቅርፊቱን አውጥተው ልቡን አድበልብለው ወደ ቧንቧው ገፉት። ዳቦው ጠብታዋን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ውኃው ሲከፈት ሟሙቶ ይሄዳል። ሌላው የቧንቧው ጫፍ ክፍት ስለሆነ እንፋሎቱም መውጫ አለው።

ቀጥሎ እንጨቱን በመርጫ ውኃ አርሰው፣ እሳት የማይበላው ወፍራም ጨርቅ ከቧንቧው ጀርባ ሰቀሉ። አንድ ባልዲ ውኃ ከመሰላሉ ሥር፣ እሳት ማጥፊያውን ከመሰላሉ ጎን አኖሩት፤ ከክፍሉ ጥግ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት። መነጽር አደረጉ፤ የጥጥ ሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው አወረዱ። ናይሎን ለብሰው ለእሳት ሥራ አይመጡም፤ ናይሎን ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። ቡና ልትቆላ ፍሬውን አጥባ፣ ዕጣኑን አዘጋጅታ ነበር። "እህቴ፣ ቡናውንና ዕጣኑን ጥቂት አቆዪልኝ፤ አፍንጫዬን እፈልገዋለሁ" አሏት። ሳቀች፤ ቢሆንም ምጣዱን አወረደች።

አሁን ቶርቹ። ማቃጠያውን እንደገና ከጠርሙሱ ጋር ካሰሩ በኋላ መጋጠሚያውን በሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ቢያወጣ ይፈሳል ማለት ነው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ቢፈስ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል፤ በዚህ ቤዝመንት ደግሞ የውኃ ማሞቂያው ነበልባል ያለው ወለሉ አጠገብ ነው። ስለዚህ ጋሼ ከመለኮሳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ወለሉ አጠገብ አሸተቱ። አረፋ አልነበረም፤ ሽታም አልነበረም። ቫልቩን በጥቂቱ ከፈቱና አፉን ወደ ባዶው ክፍል አዙረው በብረት መጫሪያ ለኮሱ። በክብሪትም በላይተርም አይለኩሱም፤ እጅ ከነበልባሉ መራቅ አለበት። ጠርሙሱን ቀና አድርገው ያዙት። ከተገለበጠ ጋዙ ሳይተን ፈሳሹ ይወጣል፤ ነበልባሉም ቢጫ ሆኖ ክንድ ያህል ይዘላል።

የነበልባሉን ቅርፅ አዩት። መካከሉ ላይ አጭር፣ ሹል፣ ደማቅ ሰማያዊ ሾጣጣ አለ፤ ዙሪያውን የደበዘዘ ሰማያዊ ይከበዋል። ትልቁ ሙቀት ያለው ከሾጣጣው ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ብዙ ሰው ነበልባሉን ሙሉ በሙሉ ቧንቧው ላይ ይጭናል፤ ያን ጊዜ ግማሹ እሳት መዳቡን አልፎ ጀርባው ወዳለው እንጨት ይሄዳል። ጋሼ ነበልባሉን አሳጥረው፣ የሾጣጣውን ጫፍ ብቻ መዳቡ አጠገብ አደረሱ። መጀመሪያ ቧንቧውን ጥቂት ሰከንድ አሞቁ፤ ከዚያ ወደ ፊቲንጉ ሆድ ተሻገሩ፤ እጃቸው አንድ ቦታ ሳይቆም ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ፍላክሱ መጀመሪያ ጥርት አለ፤ ቀጥሎ ጥቃቅን አረፋ አወጣ፤ ከዚያ ረጋ ብሎ አበራ። መዳቡ ቀለሙን ቀየረ።

እናቶች እንጀራ ሊጋግሩ ሲሉ ምጣዱን በዓይን አይተው፣ ጭላጩን ጠብ አድርገው "ሰማ" ይላሉ። ምጣዱ ሙቀቱን ተቀብሎ ለሊጡ ተዘጋጀ ማለት ነው። ያልሰማ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ ከልክ በላይ የሰማም ያሳርራል። ጋሼ የሽቦውን ጫፍ ነበልባሉ ካለበት በተቃራኒው በኩል መዳቡን ነካ አደረጉበት። አልቀለጠም። ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይተው እንደገና ነኩ፤ ሽቦው እንደ ሰም ለስልሶ ሟሟ። "ሰማ" አሉ። ቃሏን ከማድ ቤት ወደ ቤዝመንት አምጥተው እንደተናገሯት አላወቁም ይሆናል።

ሽቦውን ያቀለጠው እሳቱ ሳይሆን መዳቡ ነው፤ የሙያው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ነበልባሉ ሽቦውን ቢነካው ይቀልጣል፤ ግን ባልሞቀ መዳብ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይገባም፤ ከውጭ ሲያዩት የተዘጋ መስሎ ከውስጥ ባዶ ይሆናል። መዳቡ ሰምቶ ከሆነ ግን እሳቱ ከዚያ በኋላ አያስፈልግም። ጋሼ በዚያች ቅጽበት ነበልባሉን አራቁ። ሽቦውን ከሥር ጀምረው ሰጡት፤ ከዚያ በሁለቱ ጎን ወደ ላይ ወጡ፤ አናቱ ላይ ጨረሱ። ብሩህ ብረት ክፍተቷን ተከትሎ ከስበት በተቃራኒ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። የተጠቀሙበት ሽቦ ርዝመት ከቧንቧው ስፋት ብዙ አይበልጥም። ትርፍ ብረት አልነጠበም። በፊቲንጉ አፍ ዙሪያ የቀረችው ቀጭን የብር ቀለበት የምትመስል መስመር ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን ያየሁት። እሳቱን በጊዜው የሚያነሳ ሰው መገጣጠሚያው ያምርለታል፤ ፍላክሱ አይጠቁርም፣ ብረቱ አይንጠባጠብም። በዚያው ምክንያት እንጨቱም አይሞቅበትም። ቧንቧውን ያላደረቀ፣ መዳቡን ያላጠራ ሰው ግን ብረቱ አልገባ ስለሚለው እሳቱን ያበዛል፤ ያበዛው እሳት መገጣጠሚያውንም ቤቱንም ይጎዳል። አስቀያሚው ሥራና አደገኛው ሥራ ከአንድ ስህተት ይወለዳሉ። ጋሼ ለቤቱ ሲጠነቀቁ ቀለበቷን ያሳምሯታል፤ ቀለበቷን ሲያሳምሩ ቤቱን ይጠብቃሉ።

የቶርቹን ቫልቭ ዘጉ፤ ነበልባሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አዩት፤ አፉ ገና የጋለ ስለሆነ ጠርሙሱን ሲሚንቶው ላይ አቆሙት። መገጣጠሚያውን አልነቀነቁትም፤ ውኃም አላፈሰሱበትም። ብረቱ እስኪረጋ ጠብቀው ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ የቀረው ፍላክስ መዳቡን እንዳይበላ። ቧንቧው እጅ የሚችለው ሲሆን አሥረኛውን መገጣጠሚያ በመጭመቂያው አጠበቁ። ውኃውን ቀስ ብለው ከፈቱ፤ አየሩ ከላይኛው ቧንቧ እያስነጠሰ ወጣ፤ ዳቦውም ተከትሎ ሄደ። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ደረቅ ወረቀት አሳለፉ። ወረቀቱ ደረቅ ወጣ።

ለእኔ ሥራው አልቆ ነበር። እሳቸው ግን የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው ከመሰላሉ ሥር ተቀመጡ። በየአሥር ደቂቃው ይነሳሉ፤ መሰላሉ ላይ ወጥተው ቀዳዳውን ያሸታሉ፤ ባትሪ ያበራሉ፤ እንጨቱን ከታችም ከላይም ይዳስሳሉ። አንድ ጊዜ ወደ ፎቅ ወጥተው ከመገጣጠሚያው በላይ ያለውን የወለል ሳንቃ በእጃቸው ነኩ። ስልካቸውን አላወጡም። ወሬም አላበዙም። ለዚህ ሰዓት ሂሳብ የሚያስከፍሉ አይመስለኝም፤ አክስቴም ሥራ መሆኑን አላወቀችም፤ ማረፍ የፈለጉ መስሏት ወንበር አመጣችላቸው።

ሰዓቱ ሲሞላ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። የብሯን ቀለበት አላዩም። የእጃቸውን ጀርባ ቧንቧው ከሚያልፍበት ቀዳዳ አጠገብ እንጨቱ ላይ አሳረፉና፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር ላይ እንደሚደረገው፣ ጥቂት ቆዩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እንጨቱ የሚሸተው እርጥበት ብቻ ነው።

ከመሰላሉ ወርደው ወደ ደረጃው ዞሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እህቴ፣ አሁን ቡናው ይቆላ" አሉ።